መብራት ሲሄድስ?

በየዓመቱ ገና ሰሞን፣ እኛ ዶሮ ስንበልት፣ የዓለም የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች አሜሪካ ላስ ቬጋስ ላይ ተሰብስበው የዓመቱን አዲስ ዕቃ ያሳያሉ። ተጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባ ቴሌቪዥን፣ ሆዱ ውስጥ ካሜራ የተተከለለት ፍሪጅ፣ ባለቤቱን ከክፍል ክፍል እየተከተለ የሚንከባለል ክብ ሮቦት፣ ሁሉም እዚያ ቀርበው ጭብጨባቸውን ተቀብለዋል። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ሌላ ትርዒት ይከፈታል። ለዚህኛው መግቢያ አይከፈልም፤ ጋዜጠኛም አይመጣም። በርበሬውና በቆሎው ወጥቶ፣ የጥር ሠርግ ሳይገባ፣ ገበሬው ከቋሪት፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከወምበርማ ወደ ከተማ ብቅ ብሎ በኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል። የላስ ቬጋሱ ጎብኚ አዲሱን ዕቃ አይቶ «ምን ምን ይችላል?» ይላል። የቡሬው ገዢ ደግሞ «መብራት ሲሄድስ?» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው ብዬ ልከራከር ነው። ገበሬን ለማሞገስ አይደለም፤ ገበሬን ማሞገስ የከተማ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ስለሆነ ለባለሙያዎቹ ትቼዋለሁ። ጥያቄው ዕቃን ከነጠባዩ ስለሚያወጣ ነው።

ደግሞ ጥያቄው አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚያበቃ አይደለም፤ እንደ መስቀለኛ ጥያቄ እየተከታተለ ይመጣል። «መብራት ሲሄድስ?» «ቻርጅ አለው፣ አያ።» «ቻርጁ ሲያልቅስ?» «ሶላር አለው።» «ክረምት ሲሆንስ?» እዚህ ላይ ሻጩ ዋጋ መቀነስ ይጀምራል። የምዕራብ ጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ሰው፣ ፀሐይ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ድረስ አልፎ አልፎ ዘመድ ልትጠይቅ ብቻ ብቅ እንደምትል ያውቃል፤ ስለዚህ የሶላር ሰሌዳ ሻጭ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ሳል ይቀድመዋል። ሼንዘን ውስጥ ያሉ የጥራት መርማሪዎች ዕቃ ከፍ ካለ ቦታ ይጥላሉ፣ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፣ ምድጃ ውስጥ ያግላሉ። «ክረምት ሲሆንስ?» የሚል መርማሪ ግን ከመካከላቸው ያለ አይመስለኝም።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ለማየት ሱቁን አንድ ጊዜ በዓይን መዞር ይበቃል። የሚሸጠው ሁሉ ባትሪ ተገጥሞለታል። ራዲዮኑ አፍንጫው ላይ መብራት አለው፤ የቁልፍ ስልኩ አናቱ ላይ፣ ፓወርባንኩ ጎኑ ላይ፣ ክብሪት የተካው ላይተር ቂጡ ላይ። ለምዕራብ ጎጃም የሚሆን ማንኪያ ሥራ ቢባል አንድ የቻይና መሐንዲስ ጫፉ ላይ አምፖል ሳያስር የሚልክ አይመስለኝም። ነገሩ ያስቃል እንጂ ትልቅ የንግድ ታሪክ አለው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው 1100 የተባለው ስልክ ካሜራ አልነበረውም፤ ቀለምም አልነበረውም። የነበረው አቧራ የማያስገባ ቁልፍ፣ ቶሎ የማይደክም ባትሪና አናቱ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ነው። ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በዚያን ጊዜ ሌሎች አምራቾች ስልክን ካሜራና ኮምፒውተር ለማድረግ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ኖኪያ ግን ሰው ሌሊት ከብት ለማየት እንደሚወጣ፣ ጅብ እንደሚኖር፣ ጭቃ እንደሚያዳልጥ አስታወሰ፤ ትርፉንም አገኘ። ከዚያ በፊት የነበረው የባትሪ ድንጋይ ዘመን ነው። የራዲዮኑ ድምፅ ሲሰልል ድንጋዮቹ ከሆዱ ወጥተው ከተሰጣው ብቅል ጎን ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ማታ ዜናው እስኪያልቅ ይተነፍሱ ነበር። ጎጃም ፀሐይንና ኤሌክትሮኒክስን ያስተዋወቀው የሶላር ነጋዴ ሳይደርስ ነው ቢባል ሳይንሱን ጥቂት ይጎረብጠው ይሆናል እንጂ ታሪኩ ሐሰት አይደለም።

ገዢው እንዲህ ያለ መርማሪ የሆነው በተፈጥሮው ተጠራጣሪ ስለሆነ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ከ100 የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የመስመር መብራት የነበራቸው 33 ያህሉ ናቸው፤ ሌሎች 24 ያህሉ ከመስመር ውጭ፣ ይበልጡን በሶላር ይጠቀሙ ነበር፤ የቀሩት ከኩራዝና ከጨረቃ ጋር ያመሹ ነበር። የምዕራብ ጎጃም ነገር ደግሞ የራሱ ምፀት አለው። የግሽ ዓባይ ምንጭ በዚሁ ዞን፣ ሰከላ ወረዳ ነው። ያ ውኃ ወደ ጣና ወርዶ፣ ጎጃምን በስተምሥራቅና በስተደቡብ ዞሮ፣ ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውን፣ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራውን የሕዳሴ ግድብ ተርባይን ያዞራል። ውኃውን ከደጁ ሸኝቶ፣ ለግድቡም የአቅሙን አዋጥቶ፣ የስልኩን ቻርጅ ግን አሁንም ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ካስቀመጣት ሰሌዳ የሚጠብቅ ሰው በዚያ አገር ሞልቷል። ከተማ ያለውም ቢሆን እፎይ አላለም፤ መስመር መኖርና መብራት መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደመና ሲያንዣብብ ይሄዳል፤ በዓል ሲቃረብና ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት፣ እንዲያው አየር ለመቀበል ያህል ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ በሙሉ ጉልበቱ ስለሚመለስ ፍሪጅ ያለው ሰው ለፍሪጁ ጠባቂ ስታብላይዘር ይገዛል። እንዲህ ባለ ቦታ «መብራት ሲሄድስ?» ብሎ የማይጠይቅ ገዢ ቢኖር እሱ ነው የሚያስገርመው።

ፈተናውን ቀድሞ ገብቶት ያለፈ ኩባንያ አለ። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የሚባሉትን ስልኮች የሚሠራው የሼንዘኑ ትራንሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋቁሞ በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከፈተ። ስልኩን አማርኛ አስጻፈው፤ የባትሪውን ዕድሜ አረዘመ፤ ካሜራውን ጠይም ፊት በደብዛዛ ብርሃን እንዲለይ አሠለጠነው። በገዛ አገሩ በቻይና ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሆኖ በአፍሪካ ገበያ ግን በሽያጭ ብዛት ቀዳሚ ሆነ። ስልኮቹ ሁለት ሲም መያዛቸው ደግሞ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ሌላው ዓለም ሁለት ሲም የሚይዘው ከሁለት ኩባንያዎች የረከሰውን እያማረጠ ለመደወል ነው። እኛ ዘንድ ለረጅም ዘመን ያለው ቴሌ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ሲሞች የአንድ እናት ልጆች ስለነበሩ ኔትወርክ ሲጠፋ ተያይዘው ይጠፉ ነበር። ሕዝቡ ግን ባለ ሁለት ሲም ካልሆነ አልገዛም አለ። ምክንያቱ ቤት ውስጥ ነው ያለው። አንድ ስልክ ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም ወንድም ተጨምሮ ይካፈሉታል፤ እያንዳንዱ ሲም ባለቤት አለው። ብቻውን የያዘውም ቢሆን አንዱን ቁጥር ለዘመድ፣ አንዱን ለአበዳሪ ያደርገዋል፤ የትኛው እንደሚዘጋ መናገር አያስፈልግም። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ዓ.ም አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር የኢትዮጵያ ስልኮች ቦታ ለቀው ሲጠብቁት የኖሩ ይመስሉ ነበር። ይኸው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2023 በቴክኖ ስም የሚታጠፍ ስልክ አወጣ፤ ለዚህኛው የቡሬን ገበያ የጠየቀ አይመስልም። ቡሬ ላይ ስልክ የሚታጠፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ሳያይ ሲቀመጥበት።

በዚህ ፈተና የሚወድቁት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጣም የተጨበጨበላቸው ናቸው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ላስ ቬጋስ ላይ ያቀረበው ፍሪጅ በሩ ላይ ሰፊ ስክሪን፣ ውስጡ ካሜራ ነበረው፤ ባለቤቱ ገበያ መሐል ቆሞ በስልኩ ቤት ስንት እንቁላል እንደቀረ ያያል። ፍኖተ ሰላም ላይ ይህን አገልግሎት ጎረቤት ትሰጣለች፤ የቀረውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውን ማን እንደበላውም ጨምራ። ይህ እንኳ ጉዳት የለውም፤ ስክሪኑ ቢጠፋ ፍሪጁ ፍሪጅ ነው። የሚያስደነግጡት ከሩቅ አገር ኮምፒውተር ትእዛዝ ካልመጣላቸው የማይንቀሳቀሱት ናቸው። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም የአማዞን የኮምፒውተር ማዕከሎች ለሰዓታት ሲታወኩ፣ ኤይት ስሊፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በሸጠው ዘመናዊ አልጋ ላይ የተኙ ሰዎች ሌሊቱ ፍዳ ሆነባቸው። የአንዳንዱ ፍራሽ እንደጋለ ቀረ፤ የአንዳንዱ ራስጌ እንደተነሣ ቀረ፤ ባለቤቱ ተቀምጦ አደረ። የጎጃም የጭቃ መደብ ብዙ ጉድለት አለበት፤ ቁንጫ አለ፣ ይቆረቁራል፣ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ከአሜሪካ ማዕከል ፈቃድ ጠብቆ ግን አያውቅም። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ አልጋው ያለ ኢንተርኔት የሚታዘዝበትን ዘዴ አበጀ። የቡሬው ጥያቄ አሜሪካም ተጠየቀ ማለት ነው፤ ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2016 በጎግል ወላጅ ኩባንያ ሥር የነበረው ኔስት፣ የቤት መብራትና በር የሚያዝዝ ሪቮልቭ የሚባል 300 ዶላር ያህል የተከፈለበትን ዕቃ አገልግሎት ሲዘጋ፣ ዕቃው ሳይወድቅ፣ ሳይቃጠል፣ ጤናውን እንደያዘ ሞተ። ጎጃሜ ገዢ ዕቃው ሲሞት ቢያንስ ጭስ ማየት ይፈልጋል።

እኛም ይህን ትምህርት ከሩቅ አልተማርነውም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ያ ዘመን ያመጣው ሐዘን ለወግ የሚሆን አይደለምና አልነካውም፤ ስለ ዕቃ ያስተማረን ግን አለ። ስማርት ተብሎ በውድ የተገዛው ቴሌቪዥን ከተራው ጋር እኩል ሆነ። ዘመናዊው ስልክ ሰዓት፣ ፎቶ አልበምና ባትሪ ሆኖ ከረመ። ዘፈንና ድራማ ሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫነለት ሰው ግን ያው ሰምቶ፣ ያው አይቶ አደረ፤ ማንም ከሩቅ ሆኖ ሚሞሪውን ሊዘጋበት አልቻለም። ግንቦት 2013 ዓ.ም የተጀመረው ቴሌብር እንኳ ገጠር ሊገባ የቻለው ኢንተርኔት በማያውቅ የቁልፍ ስልክም *127# ተብሎ ስለሚሠራ ነው። አገልግሎቱን ያሰናዱት ሰዎች የትኛውንም ዓይነት የላስ ቬጋስ ጭብጨባ የማያስገኝ፣ ጥቁርና ነጭ ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት መንገድ ትተው ቢሆን ኖሮ ደንበኛቸው ከባሕር ዳር መውጫ ላይ ያበቃ ነበር።

«ይህ ሁሉ ድህነት ነው እንጂ ማስተዋል አይደለም፤ ገንዘብ ቢኖረው እሱም የሚጠቀለለውን ቴሌቪዥን ይገዛ ነበር» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ድህነቱን አልክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንነጋገርበት ዕቃ ከመርካቶ ይምጣ ከዱባይ፣ ሥሩ ዶላር ነውና ዋጋው ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ሆኖ አደገ፤ ያልተሸጠው ስልክ ከባለቤቱ በላይ ሀብታም ሆነ። ነገር ግን ነገሩ የድህነት ብቻ ቢሆን ገንዘብ ያለው ሰው ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቅ የሠራውን ነጋዴ ቤት ገብታችሁ እዩ። ጄኔሬተር ጓሮ ቆሟል፤ ስታብላይዘር ከፍሪጁ ጎን ተቀምጧል፤ ጣሪያው ላይ ሶላር አለ፤ ሳሎኑ ውስጥ መብራት ሲሄድ ሳይጠፋ የሚቆይ ቻርጅ ያለው አምፖል ተሰቅሏል። ሀብታሙ ያደረገው ያንኑ የገበሬውን ጥያቄ ይዞ ውድ መልስ መግዛት ነው። ድህነት የመልሱን ዋጋ ይወስናል፤ ጥያቄውን ያመጣው ግን የመብራቱ ጠባይ ነው፤ በድሃም በሀብታምም ላይ ያጨልማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ማስረጃው በየሳሎኑ ተደርድሯል። «እንዲህ አስተዋይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ መብራት በሌለበት ቤት ፍሪጅ ምን ይሠራል? ሪሞቱን ከነላስቲኩ ለምን ይዞታል? የሰፈሩን ጆሮ የሚያደነቁር ሞንታርቦ ለምን ተፈለገ?» እውነት ነው፤ ጉራ አለ። ጉራ የሌለበት የዕቃ ገበያ በዓለም ላይ የለም፤ ላስ ቬጋስም የቆመው በእሱ ነው። ሆኖም የእኛ ሰው ጉራውንም ቢሆን ሳይመረምር አይገዛም። ፍሪጁን እንውሰድ። መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? ቁም ሣጥን ይሆናል። አይጥ አይገባበትም፣ በረሮ አይደፍረውም፣ ቁልፍ ካለው ደግሞ ስኳሩና ቅቤው ከልጆች ይጠበቃል፤ ከላዩ ዳንቴል ይነጠፍበታል፣ የምርቃት ፎቶ ይቆምበታል። መብራት በመጣ ቀን እንደ ተጨማሪ ጥቅም ውኃ ያቀዘቅዛል። ቴሌቪዥን በዚህ በኩል ወደ ኋላ ተመልሷል ብል አታላግጡብኝ። ወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን ሲጠፋም የአበባ ማስቀመጫ ነበር፤ ቀጭኑ ፍላት ስክሪን ሲጠፋ ጥቁር ግድግዳ ከመሆን በቀር ለቤቱ የሚያበረክተው የለም። ሞንታርቦውም ቢሆን ለአንድ ቤት የተገዛ አይደለም። ከነጄኔሬተሩ ተከራይቶ የጥርን ሠርግ ከጎጥ ጎጥ ያዳርሳል፤ አንድ ዕቃ ስንት ድንኳን እንደሚያስጨፍር ቢቆጠር፣ በየጆሮው ለየብቻው ከሚሰካው የአሜሪካ ጆሮ ማዳመጫ ይልቅ ቁጥቡ እሱ ነው። ስለ ጆሮ ጤንነት አልተናገርኩም።

የመርማሪው እውነተኛ ድክመት ጉራው አይደለም፤ መልሱን የሚሰጠው ሻጩ መሆኑ ነው። «ኦርጅናል ነው?» ይባላል፤ «ኦርጅናል ነው» ይባላል፤ ምርመራው እዚያ ላይ ይዘጋል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የባትሪ መጠንና ውስጥ ያለው ባትሪ ተገናኝተው የማያውቁበት ዕቃ ሞልቷል፤ ሁለት ዓመት ያበራል የተባለው ሶላር መስቀልን ሳያይ ይደክማል። በዓለም ባንክ ቡድን የተጀመረው ላይቲንግ ግሎባል ለእንዲህ ያሉ የሶላር መብራቶች የጥራት መመዘኛ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ካርቶኑ የሚለውና ዕቃው የሚሠራው እንዲገጥም፣ ዋስትናም እንዲኖረው። ዋስትና የሚለውን ቃል የእኛ ገዢ ገና አልተቀበለውም፤ እሱ የሚያምነው የሻጩን የአባት ስምና አገር ቤት ነው። ይህም ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ የተሰደበ ሻጭ በሚቀጥለው ገበያ ቀን እዚያው ነው የሚገኘው፤ ሪቮልቭን የገዛው አሜሪካዊ ግን ማን ደጃፍ ሄዶ ይቁም?

ሌላው ተቃውሞ «ግድቡ አልቋል፣ መስመሩ ይመጣል፣ ያኔ ይህ ጥያቄ ከኩራዝ ጋር ሙዚየም ይገባል» የሚለው ነው። ይምጣ፤ ሁላችንም እንጠብቃለን። ግን በጋለ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ያደሩት አሜሪካውያን የተቸገሩት በመብራት እጦት አልነበረም፤ መብራታቸው ቦግ ብሎ ነበር። «መብራት ሲሄድስ?» የሚለው ጥያቄ ጊዜው ሲለወጥ «ኔትወርክ ሲሄድስ? ኩባንያው ሲሄድስ?» እየሆነ ይቀጥላል። ዕቃ ሁሉ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር እየተሳሰረ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየካውያው በየማንቆርቆሪያው እየገባ በሄደ ቁጥር፣ ያለ ሌላው እርዳታ ብቻውን የሚሠራው ዕቃ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እስካሁን ለመርማሪው ጥብቅና ስቆም ቆይቻለሁ፤ አሁን ወደ ክሱ ልምጣ። ይህ ሁሉ ምርመራ የሚካሄደው በወንዶች ነው። ዱላውን ተደግፎ ሱቅ ደጃፍ የሚቆመው እሱ ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቀውም የራዲዮኑ፣ የስልኩና የድምፅ ማጉያው ነገር ነው። አንድ አምፖል ብቻ ያለው ሶላር ሲገዛ የሚሰቀለው እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ማታ ጭስና ወጥ ያለበት ማድ ቤት በእሳቱ ወገግታ ይቀጥላል። በቤቱ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ጉልበት የሚበላው ዕቃ ደግሞ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። ለገጠር ቤት የሚሸጠውን ትንሽ ባለ 10 ዋት ሰሌዳ ይዘን ብናሰላ እንጀራ ለመጋገር 350 ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ የራስ ጣሪያ አልቆ የአማት ጣሪያ መለመን ሊመጣ ነው፤ እሱም ሰማዩ ጥርት ካለ። «መብራት ሲሄድስ?» ለሚለው ጥያቄ ስልክ መልስ አገኘ፣ ራዲዮን መልስ አገኘ፣ ላይተር ሳይቀር መልስ አገኘ፤ ምጣድ ብቻ «መብራት ሲሄድ ወደ ኩበትና ማገዶ» የሚል መልስ ይዞ ቀረ። የላስ ቬጋሱ ትርዒት ለእንጀራ ጋጋሪ ስለማይታሰብ ከዚያ ምንም አንጠብቅም። የሚያስወቅሰን አገር ውስጥ የተገኘውንም አለማክበራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚሁ አገር የተሠራው፣ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚዘጋጀው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሽቦ የለውም፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ ክረምት አይበግረውም፤ ፈተናውን ከስልኩም ከራዲዮኑም በላይ ያለፈ ዕቃ ነው። ግን አይዘፍንም፣ አያበራም፣ ሳሎን አይቀመጥም፤ ስለዚህ በርበሬ የተሸጠ ዕለት የሚያስታውሰው የለም።

እንግዲህ ዘንድሮ ጥር ሳይገባ በርበሬውን ሸጣችሁ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ለዕቃ ስትወርዱ የቤቱን እመቤት ይዛችሁ ውረዱ። ሱቁ ደጃፍ ስትደርሱ እናንተ ዱላችሁን ተደግፋችሁ ዝም በሉ፤ ጥያቄውን እሷ ትጠይቅ። ሻጩ «ይሄ እንኳ የወንድ ዕቃ ነው፣ እትዬ» ካላት ሌላ ሱቅ ሞልቷል።